መስመር የሌለው ወለል

ባሌን የሥራ ጓደኞቹ «ውሃ ልክ» ይሉታል። ሰድር አንጣፊ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት በሰው ቤት፣ በሱቅ፣ በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ተንበርክኮ ኖሯል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ዓይኑን አይተው ነው። ሌሎቹ ውሃ ልክ የሚባለውን መለኪያ ወለሉ ላይ አስቀምጠው አረፋዋ መሃል መግባቷን ለማየት አንገታቸውን ሲሰብሩ፣ እሱ በር ላይ እንደ ቆመ «በግራ በኩል የጥፍር ያህል ዝቅ ብሏል» ይላል። ሲለኩት ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ቤታችን ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍልና አንድ መታጠቢያ ቤት ነው። ወለሉን ያነጠፈው ከየሥራው በተረፈ ሰድር ነው፤ አንዱ ክፍል ነጭ፣ አንዱ ቡናማ፣ መታጠቢያ ቤቱ አረንጓዴ። ቀለሙ ድሪቶ ይመስላል፤ መስመሩ ግን ከበሩ እስከ ማዶው ግድግዳ እንደ ተወጠረ ክር ይሄዳል። በተጋባን ሰሞን «ወለል አንጥፌልሻለሁ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» እያለ ይኮራብኝ ነበር። እኔም «ወለል አይለበስ» እለው ነበር።

ይህ ሰው አንድ ጠዋት ሥራ ላይ ተንበርክኮ ሳለ ቀና አለና «ሲባጎውን ማን ነካው?» ብሎ ረዳቶቹን ተቆጣ። ማንም አልነካውም። ጠሟል፣ አታዩም ወይ ብሎ ጮኸባቸው። ለመስመር መያዣ የተዘረጋው ሲባጎ ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። ሊያስተካክል ሲነሣ ወለሉ ዞረበት፤ አስመለሰውና በጎኑ ወደቀ። ሙቀት ነው ብለው ጥላ ውስጥ አስቀምጠው ውሃ ሲረጩት ሁለት ሰዓት አለፈ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ስትሮክ ነው ተባለ፤ በጭንቅላቱ የኋላ ክፍል፣ ሚዛን በሚጠብቀው በኩል፣ የደም ሥር ተዘግቷል።

እጁ አልሰለለም፤ አፉም አልተጣመመም። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ «ድኗል እኮ» ብሎ ይሄዳል። ተቀምጦ ሲያዩት እውነታቸውን ነው። ሲቆም ግን እግሩን አንፈራጦ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ጀልባ ላይ እንዳለ ሰው ይወዛወዛል። ግራ እግሩ ሂድ ያሉት ቦታ አይሄድም። ዓይኑን ለአፍታ ከጨፈነ ወይም በድንገት ከዞረ ይወድቃል። ሐኪሙ ሲያሰናብተን፣ የሚወስደው መድኃኒት ደም የሚያቀጥን ስለሆነ ወድቆ ጭንቅላቱን ከመታ ደሙ በቀላሉ እንደማይቆም ነገረኝ። ይህችን ቃል ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። እስከ ዛሬም አልወጣችልኝም።

ከዚያ ወዲያ የኖርኩትን ኑሮ አልለውም። ማንኪያ ሲወድቅ ልቤ አብሮ ይወድቃል። ጎረቤት በር ሲያላጋ እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ እገኛለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ለእኔ ነው። ባሌን ትልቁ ወንበር ላይ አስቀምጬ ግራና ቀኙን በትራስ ደገፍኩት። ሲነሣ ብብቱ ውስጥ ገብቼ እይዘዋለሁ። መታጠቢያ ቤት ስገባም በሩን ክፍት ትቼ ነው። መሬት እንዳይቀመጥ፣ እንዳይንበረከክ ከለከልኩት፤ ወደ ታች ዝቅ ማለት ሁሉ ለእኔ መውደቅ ነበር። «አንቺ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ እንዳለ ብርጭቆ አደረግሽኝ እኮ» ይለኛል። እኔ አልስቅም። ሁለት ወር እንዲህ ቆየንና ጭኑ ሟሸሸ፤ ሱሪው ተንጠለጠለ።

የምሠራው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ አንሶላ እተኩሳለሁ። የዓመት ፈቃዴን ጨረስኩ፣ ከዚያም ያለ ደመወዝ ለመንኩ። በመጨረሻ አለቃዬ፣ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለው ሰኞ ካልገባሁ ቦታዬን ለሌላ እንደምትሰጥ ነገረችኝ።

ልጃችን ይህን ሰማች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን ሳህን እያጠበች ጀርባዋን እንደ ሰጠችኝ «እኔ አንድ ዓመት ላቁምና አባዬን ልጠብቅ፣ አንቺ ሥራሽን ሂጂ» አለች። እኔ ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁት እናቴን ላስታምም ነው፤ ያኔም የተባለው አንድ ዓመት ነበር። እናቴ ስድስት ዓመት ተኛች። እኔ ስነሣ እኩዮቼ ጨርሰው ሄደው ነበር። ለልጄ ይህን አልነገርኳትም። ሳህኑን ከእጇ ተቀብዬ ሂጂ አጥኚ አልኳት።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ባሌ ብቻውን ቤት መዋል ካልቻለ ልጄ እኔን ትሆናለች።

በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ፊዚዮቴራፒ እንሄዳለን። ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት፣ ቀጭን፣ ክንዷ ግን ብረት። እሷ «ጋሼ» ትለዋለች፣ እሱ «አሠልጣኝ» ይላታል። ወገቡ ላይ ሰፊ ቀበቶ ታስርና ከኋላ በሁለት ጣት ብቻ ይዛ ታስኬደዋለች። እኔ ብብቱ ውስጥ ስገባ አንድ ቀን ቆማ አየችኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ከያዟቸው እሳቸው ምን ይማራሉ? ሰውነታቸው ሚዛን ጠባቂ አድርጎ የለመደው እርስዎን ነው» አለችኝ።

እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እንድቆም አዘዘችኝ። ቀላል ነገር ይመስላል። የሚወዛወዝ ሰው አጠገብ እጅን ወደ ኋላ አድርጎ መቆም ምን እንደሆነ የሚያውቀው የቆመ ነው።

ቤት ውስጥ መሻሻል ጀመረ። ከበሩ እስከ ማዶው ግድግዳ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ቀስ ብሎ ዞሮ ይመለሳል። በአሥር ቀን ውስጥ ያለ ከዘራ ሄደ። ልጄ አጨበጨበች። እኔም ደፈርኩና ለአለቃዬ ደውዬ ባለችው ሰኞ እገባለሁ አልኳት። አፌን በቆረጠው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የሕክምናው ክፍል እየታደሰ ስለነበር ወደ ሌላ ኮሪደር ተወሰድን። የዚያ ኮሪደር ሰድር በሰያፍ የተነጠፈ ነው፤ መስመሩ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ጥግ ለጥግ ይሄዳል። ባሌ ከዘራውን ለእኔ ሰጥቶ ጀመረ። ሦስት እርምጃ እንደ ሄደ ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረ። ባለሙያዋ «ጋሼ፣ ወደ መሃል» ትላለች፤ እሱ እየባሰበት ይሄዳል። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ደንግጦ ሲዞር እግሩ ተጠላለፈ። በቀበቶው ይዛ ባታዘገየው ኖሮ አሁን የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር። ክርኑ መሬት ሲመታ ድምፁን ሰማሁት። ከዘራውን በሁለት እጄ እንደ ያዝኩ ካለሁበት አልተንቀሳቀስኩም።

እሱ መሬት ላይ እንደ ተኛ ወለሉን አየና «ይህን ያነጠፈው ማን ነው? እንዲህ አድርጎ ሰው ይገድላል?» አለ። ወረፋ የሚጠብቁት ሳቁ። ባለሙያዋ አልሳቀችም። አጠገቡ ቁጭ ብላ ሲሄድ የት እንደሚያይ ጠየቀችው።

«ወለሉን ነዋ። ሌላ ምን ይታያል?»

«ወለሉ ላይ ምኑን?»

ሁለት ሰድር የተገናኙበት ላይ ጣቱን አሳረፈ። ከዚያ «መስመሩን» አላት።

ያን ጊዜ ሁላችንም ገባን። ቤት ውስጥ የሄደው ድኖ አልነበረም። ራሱ በዘረጋው መስመር ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ እንደ ገመድ ይዞት ነበር የሚሄደው። ለማረጋገጥ ወደ ግቢው አውጥታ ልሙጥ ሲሚንቶ ላይ አቆመችው። መስመር የለም፣ ጥግ የለም። ባሌ፣ በአራተኛ ፎቅ የእንጨት መወጣጫ ላይ ሲጋራ እያጨሰ የሚሄድ የነበረ ሰው፣ ገደል አፋፍ ላይ እንደ ቆመ ሰው ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ክንዴን ፈለገ። እጄ ከኋላዬ ነበር። ሰጠሁት፤ እሷም አልተቆጣችኝም።

ቤት ገብተን ገላውን ሳጥበው ሌላ ነገር አየሁ። ክርኑ ቀልቷል፤ እሱ የዛሬው ነው። በግራ ዳሌው ላይ ግን ቢጫ የሆነ ደም የቋጠረ ቦታ አለ። ቢጫው የሰነበተ ነው። ምንድን ነው አልኩት። ጠረጴዛ ነው አለኝ። የቱ ጠረጴዛ? ሳሙናውን አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ቆምኩ፤ መዋሸት አይችልበትም። በመጨረሻ ተናገረ፤ እኔ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣችው ታይፒስት፣ ድምፅ ሰምታ ገብታ አንሥታዋለች። እንዳትናገር አስምሏታል።

እሷም ቤት ሄድኩ። ሻይ እየጠጣች ነበር። «ምን ላድርግ፣ እንደ ሕፃን እጄን ይዞ ለመነኝ። ለሚለምን ሰው ደግሞ አንጀቴ አይችልም» አለችኝ። ልቆጣት ሄጄ ሳልቆጣት ተመለስኩ።

ለምን ደበቅኸኝ አልኩት።

«ልጅቷ ትሰማለች። ከሰማች ቀረች ማለት ነው» አለኝ።

ለካ እኔ ብቻዬን የያዝኩት የመሰለኝን ፍርሃት እሱም ይዞት ነበር። ሁለታችንም ስለ አንዲት ልጅ እየፈራን፣ አንዱ ለሌላው ሳይነግር፣ እሱ እየወደቀ እኔ በሐሳብ እያለቅሁ ኖርን።

በሚቀጥለው ቀን ሁሉንም ለባለሙያዋ ነገርኳት። ሰኞ አሥር ቀን ቀርቶታል። መቼ ነው የማይወድቀው ብዬ ጠየቅኳት። እሷ ሐሰት አትናገርም።

«አንድ ቀን ብቻቸውን እያሉ ይወድቃሉ፣ እትዬ። አይወድቁም ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ዋናው ነገር ሳይጎዱ ወድቀው፣ ብቻቸውን ተነሥተው፣ ለእርስዎ ይነግሩዎታል ወይ ነው» አለች። ከዚያም ወደ እሱ ዞራ፣ እያንዳንዱን መውደቅ፣ የት እንደነበር፣ ምን ሲያደርግ እንደነበር ካልነገረኝ ብቻውን መዋል እንደማይፈቀድለት ነገረችው። «የደበቁኝ ዕለት አሠልጣኝዎ አይደለሁም።»

ያን ቀን መሬት አወረደችው። እኔ ሁለት ወር የከለከልኩትን። ፍራሽ አንጥፋ፣ ወንበር ከግድግዳ አስደግፋ፣ ቀስ ብለው ይንበርከኩ አለችው። ዓይኔን ልጨፍን ፈልጌ አልቻልኩም። ጉልበቱ መሬት ሲነካ ግን ትከሻው ወረደ። መንቀጥቀጡ ቆመ። መዳፉን ወለሉ ላይ ዘርግቶ እንደ ልማዱ ወደ ፊት ወደ ኋላ አሸት አሸት አደረገው። ሃያ ስምንት ዓመት የኖረበት ቦታ ነው። በአራት እግሩ እስከ ወንበሩ ሲሄድ አንድም ጊዜ አልዘመመም። ለካ ይህ ሰው ቆሞ ነው እንጂ ተንበርክኮ አልታመመም፤ እኔ ከሚያውቀው ቦታ አውጥቼ ወንበር ላይ ሰቅዬው ነበር።

መነሣቱ ግን ሌላ ነው። ወንበሩን በሁለት እጅ መያዝ፣ ደህናውን ቀኝ እግር መትከል፣ መግፋት፣ ቶሎ ሳይቆሙ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ትንፋሽ መሰብሰብ። የመጀመሪያ ቀን አራት ጊዜ ሞክሮ አራቱንም አቃተው። ላብ ከአገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ቤት ውስጥ እየተለማመደ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። በአምስተኛው ቀን ወለሉ ልሙጥ በሆነው በሕንፃችን ግቢ ተነሣ።

ዓይኑን ከወለሉ ማንሣት ደግሞ የባሰ ነበር። ቀና በል ሲሉት ለሦስት እርምጃ ቀና ይልና ዓይኑ ተንሸራትቶ ይወርዳል። መላውን ያገኘችው ልጃችን ናት። የታሪክ ደብተሯን በፊቱ ከፍ አድርጋ ይዛ ወደ ኋላ እየሄደች ታስነብበዋለች። እሱ እያነበበ ይከተላታል። ስለ ጥንት ነገሥታት እያነበበ ከነጩ ክፍል ወደ ቡናማው ይሻገራል። «ይኸኛው ንጉሥ ደግሞ ከዙፋኑ ወደቀ ይላል፣ ጭንቅላቱን መታ እንዴ?» ይላታል። እሷ ትስቅና ደብተሩ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ከኋላ እጄን ቆልፌ እሄዳለሁ፤ ጥፍሬ መዳፌን ወግቶት መስመር አውጥቶ ነበር።

ሰኞ ደረሰ። ልጄ ቀደም ብላ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፤ አሁንም ካልሽኝ እቀራለሁ የሚል አስተያየት ነበር። እንዳላየ ሆንኩ። ስልኩን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠለጠልኩለት። ከባዱን ወንበር ከግድግዳ አስደገፍኩ። ምሳውን ከወገቡ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ፤ ወደ ታች ተጎንብሶ የሚያነሣው ነገር እንዳይኖር። መታጠቢያ ቤቱን በደረቅ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ወለወልኩ። ሌላ የሚደረግ ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ።

«ሂጂ እንግዲህ፣ በሩን አትጋርጂብኝ» አለኝ።

ወጣሁ፤ በሩን ዘጋሁ። ግን አልሄድኩም። በሩ ጀርባ ጆሮዬን አቁሜ ቆምኩ። እርምጃውን ሰማሁ፤ አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል። ወደ መስኮቱ ሄደ። መጋረጃው ተሳበ። ሲመለስ ረገጠ፣ ረገጠ፣ ከዚያ ዱብ አለ።

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እጄ የበሩ እጀታ ላይ ነበር። ቁልፉን አስገብቻለሁ። ጭንቅላቱ ነው ወይስ ትከሻው? ድምፁን በአእምሮዬ መልሼ መላልሼ ሰማሁት፤ ከሁለት ወር በላይ በፍርሃቴ ስሰማው ከኖርኩት ድምፅ ልለየው አልቻልኩም። ብገባ አነሣዋለሁ። ካነሣሁት ነገ ሥራ የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልጄ ዩኒፎርሟን አጣጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ታስገባለች። ባልገባና ደም እየፈሰሰው ቢሆንስ? ሞቶ ባገኘው በሩ ጀርባ ቆሜ እንደ ገደልኩት ማንም ባያውቅ እኔ አውቃለሁ። በአፍንጫው ሲተነፍስ ሰማሁ። አልጮኸም፤ ስሜን አልጠራም። ቁልፉን ግማሽ አዞርኩት።

ከዚያ ልብስ ወለል ላይ ሲጎተት ተሰማኝ። ጉልበት። መዳፍ። እንደገና ጉልበት። ከባዱ ወንበር ግድግዳውን ገጭ አደረገው። ረጅም ዝምታ ሆነ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ደረጃውን የሚወርድ ሰው ሰላም አለኝ፤ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁለት። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። አንድ ትልቅ ትንፋሽ። ቀጥሎም ለራሱ አንድ ስድብ ሲሳደብ ሰማሁት፤ እዚህ አልጽፈውም።

ቁልፉን መልሼ አወጣሁ።

ያን ቀን አንሶላ ስተኩስ ሁለት ጣቴን አቃጠልኩ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። እንዳይጠራ እፈራለሁ፤ ደግሞ አለመጥራቱን እፈራለሁ። ከባዱ ማጠቢያ ማሽን ሲቆም በሚያሰማው ድምፅ ሁሉ ዘወር እላለሁ። አንዷ ባልደረባዬ «ዛሬስ አበዳሪ የሚያሳድዳት መሰለች» ብላ አሳቀችብኝ።

ስመለስ ልጄ ቀድማኝ ገብታለች። እሱ ወንበሩ ላይ ነው። ግንባሩን፣ ማጅራቱን ሳላስነቃ በዓይኔ ፈተሽኩት፤ ደህና ነው። ስንበላ ልጄ «አባዬ፣ ዛሬ ወደቅህ?» አለችው።

«አልወደቅሁም» አላት፤ ዓይኗን እያየ።

ጉርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት። እኔ እንደሰማሁት አያውቅም። ከዋሸ ነገ አልሄድም፤ ካልሄድኩ ደግሞ ያው ነው። ቃሉን አውጥቼ ልጋፈጠው አሰብኩና ልጄን አየኋት፤ ፊቷ ፈካ ብሎ ዳቦ ትቆርስ ነበር። ተውኩትና ሻይ ቀዳሁላት። መዋሸት አይችልበትም ብዬ ነበር። ለእሷ ሲሆን ይችልበታል።

በልታ ልታጠና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባችና በሩን ገርበብ አደረገች። እሱ እስክትቀመጥ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስሚ» አለኝ። «ጠዋት አንዴ ወድቄያለሁ። ከመስኮቱ ስዞር። ትከሻዬን ነው፣ ጭንቅላቴን አልነካኝም። ለአሠልጣኟ ንገሪልኝ። ለእሷ ግን...» ብሎ በአገጩ ወደ ውስጠኛው ክፍል አመለከተ።

«ተነሣህ?»

«ተነሥቼ አይደል የማወራሽ?»

ሸሚዙን ገልጬ ትከሻውን አየሁ። ቀልቷል። ቀዝቃዛ ጨርቅ አደረግሁበት። በሩ ጀርባ እንደነበርኩ አልነገርኩትም። እሱ የደበቀኝ ሁለት አለው፤ ለእኔም አንድ ትኑረኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ወጣች፣ እኔም ተከትዬ ወጣሁ። በሩ ጀርባ አልቆምኩም። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ረፍዶብኝ ነው። ደረጃውን ስወርድ ከላይ እርምጃውን እሰማ ነበር፤ አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል። ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ መስማት አቆምኩ።